ኑሮ ርካሽ ነው የሚባለው ለማን ነው?

(ኮምቦልቻ ውስጥ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች በተገኙበት መድረክ የተደረገ ንግግር። ከመድረክ እንደተነገረ ቀርቧል።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ሙቀቱን ቻሉት፣ ብዙ አላቆያችሁም።

ዛሬ የማወራው ስለ ዋጋ ነው። ስለ ዋጋ የማያወራ ሰው የለም መቼም። ባጃጅ ውስጥ ወሬው ዋጋ ነው። ለቅሶ ቤት ወሬው ዋጋ ነው። ቡና ላይ ገና አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው ዋጋ ነው። እኔ ግን ዋጋ ለምን ጨመረ የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ጥያቄ ሌላ ነው። የእኛ አገር ዋጋ ከሌላው ዓለም ዋጋ ጎን ሲቀመጥ ምን ይመስላል? ውድ ነን ወይስ ርካሽ? ርካሽ ከሆንን ደግሞ፣ ርካሽ የሆንነው ለማን ነው?

ነገሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። መጀመሪያ፣ የሁለት አገር ኑሮ እንዴት ይለካል? ቀጥሎ፣ ድሃ አገር ውስጥ ዋጋ ለምን ዝቅ ይላል? መጨረሻ ላይ ይህ ዝቅታ ማንን ይጠቅማል፣ ማንንስ ይጎዳል? ሦስተኛው ላይ ቆየት እላለሁ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ብር በገበያ ይመንዘር የተባለበት ቀን ነው። በዋዜማው አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ አወጣው። በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ።

እስቲ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። ደመወዙ 10,000 ብር ነው እንበል። በዋዜማው ይህ ደመወዝ 175 ዶላር ነበር። በ130 ብር ሲሰላ 77 ዶላር ሆነ። ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። የዚህ ሰው ኑሮ ከግማሽ በታች ወረደ? ተጎድቷል፣ እሱ አያከራክርም። ዘይት ጨምሮበታል፣ ሳሙና ጨምሮበታል፣ ስልኩ ቢሰበር ሌላ መግዛት ከብዶታል። ግን የቤት ኪራዩ በዚያ ሳምንት በእጥፍ አልጨመረም። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ የፀጉር ቆራጩ ዋጋ በዶላር ልክ አልዘለለም። ስለዚህ በባንክ ምንዛሬ ብቻ ኑሮን የሚለካ ሰው ይሳሳታል። በአንድ ሌሊት ሕዝብ በሙሉ ደኸየ ይላል። ምሽቱን ግን ሰዉ ትናንት የበላውን ነው የበላው።

ሌላ መለኪያ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ባለሙያዎቹ የመግዛት አቅም ንጽጽር ይሉታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብሬ ስንት ዶላር ያመጣል ብለህ አትጠይቅም። ብሬ እዚህ የሚገዛልኝን ዕቃ፣ አሜሪካ ውስጥ ለመግዛት ስንት ዶላር ያስፈልጋል ብለህ ነው የምትጠይቀው። ስሙን ያወጣለት ጉስታቭ ካሰል የሚባል የስዊድን የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው፣ በ1918 እ.ኤ.አ.። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነበር። አገሮች ገንዘባቸውን ከወርቅ አላቀዋል፤ ዋጋው ተመሰቃቅሏል። የአንዱ አገር ገንዘብ በሌላው ስንት ይመንዘር የሚለው ጭንቅ ነበር። ካሰል መልሱን ከገበያው ዋጋ ፈልጉት አላቸው።

ነገሩ ግን ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። ጨው ከአፋር ይወጣል። ጨው መውጫው አጠገብ ላለ ሰው አንድ ማርያ ትሬዛ ብር ብዙ አሞሌ ይገዛለታል። ወደ መሀል አገር እየገባህ በሄድክ ቁጥር በዚያው ብር የምታገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። ብሩ ያው ብር ነው። የሚገዛው ግን እንደ ቦታው ይለያያል። የአገሬው ነጋዴ ይህን ያሰላው ማንም ሳያስተምረው ነው።

አሁን ልኬቱ እንዴት ይሠራል? ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ የዋጋ ንጽጽር ፕሮግራም አለ። የተባበሩት መንግሥታትና የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው የጀመሩት። መጀመሪያ ለ1970 ውጤት የወጣላቸው 10 አገሮች ብቻ ነበሩ። በ2021 ዙር 176 ደርሰዋል። የአፍሪካውን የሚያስተባብረው የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። በየአገሩ ተመሳሳይ ዕቃና ተመሳሳይ አገልግሎት ተመርጦ ዋጋው ይሰበሰባል። ሩዝ፣ ዳቦ፣ ሸሚዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የሐኪም ክፍያ፣ የሲሚንቶ ዋጋ ሳይቀር። ከዚያ ይነጻጸራል።

ሲወራ ቀላል ነው። እኔ ግን በወጣትነቴ ዋጋ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ መጠይቄን ይዤ ዞሬያለሁ። ወገኖቼ፣ ዋጋ መመዝገብ ከባድ ሥራ ነው! ወረቀቱ ላይ «ሽንኩርት፣ 1 ኪሎ» ይላል። ገበያው ላይ ሽንኩርቱ በመደብ ነው የሚሸጠው። የአንዷ መደብ ከሌላዋ መደብ አይስተካከልም። ገብሱ በጣሳ ነው፤ ጣሳው ደግሞ የማን ጣሳ ነው? ጢም ብሎ ነው የሚሰፈረው ወይስ ገፋ ተደርጎ? ስለዚህ ሚዛን ይዘህ እያንዳንዱን ትመዝናለህ። ሻጮቹ ይናደዱብሃል። አንዲት እናት እስከዛሬ አይረሱኝም። «ልጄ፣ ይሄን የምትጽፈው ልትጨምርልን ነው ወይስ ልትቀንስብን?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? «እማማ፣ አገር እንዲያውቀው ነው» አልኳቸው። «አገርማ ያውቃል፤ እየበላ አይደል?» አሉኝ።

ዳቦ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የዳቦው ዋጋ ወር ሙሉ አይነቃነቅም። ክብደቱ ግን ይቀንሳል። ካልመዘንከው ዋጋ አልጨመረም ብለህ ጽፈህ ትሄዳለህ። እውነቱ ግን ጨምሯል። ይህ ሁሉ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያ ውስጥ ነው። አሁን ደሴን ከስቶክሆልም ጋር አነጻጽሩ ስትባሉ አስቡት። የስዊድን ሰው ጤፍ አይበላም። እኛ ደግሞ የእነሱን አጃ ዳቦ አንበላም። እኛ ዘንድ ገንዘቡ የሚሄደው ጤፍ ላይ ነው፤ እነሱ ዘንድ ጤፍ ከተገኘም የሐበሻ ሱቅ ውስጥ የቅንጦት ዕቃ ነው። የጋራ ዘንቢል፣ ማለትም በሁለቱም አገር ዋጋው የሚነጻጸር የዕቃ ዝርዝር፣ ማዘጋጀት የዚህን ያህል ያስቸግራል።

ሲሳሳትም በትንሹ አይሳሳትም። በ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አዲስ የዋጋ ንጽጽር ሲወጣ፣ የቻይና ኢኮኖሚ ቀድሞ ከተገመተው በ40 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። በወረቀት ላይ ነው ያነሰው። አንድ ፋብሪካ አልተዘጋም። ቀድሞ የነበረው ግምት በትክክል በተሰበሰበ ዋጋ ላይ አልቆመም ነበር። አዲሱም ቢሆን ተተችቷል፤ ምክንያቱም ዋጋው የተሰበሰበው ከ11 ከተሞች ነው። የከተማ ዋጋ ከገጠር ዋጋ ይበልጣል። እኛም አገር ያው ነው። የአዲስ አበባ ዋጋ የደሴ ዋጋ አይደለም። የደሴ ዋጋ የኩታበር ዋጋ አይደለም። እንኳን እሱ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለችው መንገድ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ዋጋው ግን ይለያያል።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ድሃ አገር ውስጥ ዋጋ በጥቅሉ ዝቅ ያለ ነው። ይህ በየዙሩ የተረጋገጠ ነው። በመግዛት አቅም ሲለካ የእኛ የነፍስ ወከፍ ገቢ በባንክ ምንዛሬ ከሚወጣው ከእጥፍ በላይ ሆኖ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ለምን?

እስቲ እዚህ ደጃፍ የቆመውን ባጃጅ እንየው። ተሽከርካሪው ከውጭ ነው የመጣው። ጎማው ከውጭ ነው። ቤንዚኑ ከውጭ ነው። መለዋወጫው ከውጭ ነው። የእነዚህ ዋጋ በዶላር ነው የሚቆረጠው፤ ለኮምቦልቻ ተብሎ የሚቀነስ የለም። እንዲያውም የመርከብ፣ የጅቡቲ ወደብና የጭነት መኪና ወጪ ይታከልበታል። ታዲያ ጉዞው ከስቶክሆልም ታክሲ በብዙ እጥፍ ለምን ረከሰ? አንድ ነገር ብቻ ነው ርካሽ የሆነው። ልጁ! ሹፌሩ! የእሱ ጉልበት፣ የእሱ ሰዓት፣ ማታ ተመልሶ የሚያድርባት ክፍል ኪራይ። ሌላው ሁሉ የዓለም ዋጋ ነው። ርካሹ ሰውየው ነው።

ይህን በደንብ ስሙልኝ። ርካሹ ሰውየው ነው።

ደሴ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ነርስ እንውሰድ። መርፌ ትወጋለች። ስዊድን ያለችውም ነርስ መርፌ ትወጋለች። የደሴዋ እጇ አይዘገይም። እንዲያውም በቀን የምታየው ሕመምተኛ ይበልጥ ይሆናል። መርፌው ያው መርፌ ነው፤ ዋጋውም የዓለም ዋጋ ነው። ደመወዛቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ልዩነቱ ከእጃቸው ካልመጣ ከየት መጣ?

በ1964 እ.ኤ.አ. ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ለዚህ መልስ ጻፉ። ስዊድን ውስጥ መኪናና ማሽን የሚሠራው ሠራተኛ በሰዓት ብዙ ያመርታል። ምርቱ ለዓለም ይሸጣል። ስለዚህ ብዙ ይከፈለዋል። ሆስፒታሉም ነርስ ማግኘት ከፈለገ ከዚያ ፋብሪካ ጋር የሚቀራረብ ደመወዝ መክፈል አለበት። ካልከፈለ ሰዉ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ገበሬው በበሬ ነው የሚያርሰው፤ ፋብሪካውም ጥቂት ነው። ነርሷ ሥራዋን ብትለቅ የምትሄድበት የተሻለ ቦታ የለም። ስለዚህ ደመወዟ ዝቅ ይላል። ሕክምናው ይረክሳል፣ ትምህርቱ ይረክሳል፣ ምግብ ቤቱ ይረክሳል፣ የግንብ ሥራው ይረክሳል። የሰው እጅ ያለበት ሁሉ ይረክሳል።

ስለዚህ «ኢትዮጵያ ርካሽ አገር ናት» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የሚነግራችሁ ስለ ዕቃ አይደለም። ስለ እናንተ ሰዓት ነው። የእናንተ አንድ ሰዓት በርካሽ ይገዛል ማለቱ ነው።

ሦስተኛው ጋ ደረስኩ። ርካሽ ለማን?

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥታ ነበር። ደግ ልጅ ናት፣ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስባ ደሴ ፒያሳ ምሳ ጋበዘችን። ሒሳቡ ሲመጣ ስልኳ ላይ መነዘረችው። «ይሄ ሁሉ ሰው በዚህ ዋጋ? እዚያ እኮ ለሁለት ሰው አይበቃም!» አለች። ደስ አላት። እኛም ደስ አለን። በዚያው ሳምንት ለአጎቴ መድኃኒት ልንገዛ አብረን ሄድን። አጎቴ ስኳር አለበት፤ ጡረተኛ ነው። መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ዋጋውን ስትሰማ ለእሷ ብዙም አልመሰላትም። አጎቴ ግን የጡረታ ብሩን ቆጠረ፣ መልሶ ቆጠረ። ግማሹን ብቻ ስጡኝ አለ።

አያችሁ? ምሳው ለእሷ ርካሽ ነው። መድኃኒቱ ለእሱ ውድ ነው። ሁለቱም የሆኑት አንድ ከተማ ውስጥ ነው። እሷ ገቢዋ በዶላር ነው፣ ወጪዋ በደሴ ዋጋ። እሱ ገቢው በደሴ ደመወዝ ልክ ነው፣ መድኃኒቱ በዶላር። የመግዛት አቅም ንጽጽር የሚባለው ቁጥር እነዚህን ሁለት ሰዎች አደባልቆ አንድ አማካይ ያወጣል። አማካዩ ውሸት አይደለም። ግን አጎቴ አማካዩን መዋጥ አይችልም።

ድሃ ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ምን ላይ ነው? ምግብ ላይ። የአገራችን የዋጋ መለኪያ ራሱ ከግማሽ በላይ ክብደት የሚሰጠው ለምግብ ነው። የድሃው ቤት ድርሻ ከዚያም ያልፋል። በድሃ አገሮች ርካሽ የሚባለው በዋናነት የሰው አገልግሎት ነው፤ ምግብ ከሌላው ነገር ጋር ሲተያይ ያን ያህል ርካሽ አይደለም። እንግዲህ አስቡት። የቤት ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ ዘበኛ የሚቀጥር ሰው በርካሹ ዘንቢል ይገዛል። የቀን ሠራተኛው ግን ርካሹን አገልግሎት አይገዛም፤ እሱ ራሱ ነው የሚሸጠው። የሚገዛው በሶ፣ ጤፍ፣ ዘይት ነው። ርካሽነቱ የሚደርሰው ለሚገዛው ነው፣ ለሚሸጠው አይደለም።

ገበሬውም አለ። ማዳበሪያ በዓለም ዋጋ ይገባል። የእሱን ገብስ የሚገዛው ግን የሰፈሩ ገበያ ነው፣ በሰፈሩ አቅም። የአገር ዕዳም እንደዚሁ ነው። ዕዳ በመግዛት አቅም ዶላር፣ ማለትም በአገር ውስጥ ዋጋ በተሰላ የወረቀት ዶላር፣ አይከፈልም። ነዳጅ በመግዛት አቅም ዶላር አይገዛም። አንዳንዴ «ኢኮኖሚያችን በመግዛት አቅም ሲለካ በአፍሪካ ከነእገሌ ጎን ነው» የሚል ዜና እሰማለሁ። ኑሮን ለማነጻጸር ቁጥሩ ትክክል ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ግን አይመነዘርም። እባካችሁ ሁለቱን አትቀላቅሉ!

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ፣ ወደ ኮምቦልቻ። እዚህ ያላችሁ የፋብሪካ ሠራተኞች ከማንም በላይ ይህን ታውቁታላችሁ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ለባለሀብት ከተነገሩት ማባበያዎች አንዱ የጉልበት ርካሽነት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ስለ ሐዋሳው ፓርክ አንድ ጥናት አውጥተዋል። የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ያኔ አንዳንድ ሰው «እዚያ እኮ ኑሮ ርካሽ ነው፣ 26 ዶላር ብዙ ይገዛል» እያለ ተከራክሯል። እሺ፣ ኑሮው ሦስት እጥፍ ርካሽ ነው እንበልና በሦስት እናባዛው። 78 ዶላር ሆነ። ለወር! በዚህ ኪራይ ተከፍሎ፣ ተበልቶ፣ ለወላጅ ትንሽ ተልኮ? ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ሆነው የሚያድሩት ለምን ሆነና ነው! ፋብሪካ ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ የሚጨምረው የአካባቢው የቤት ኪራይ ነው። ባለሀብቱ ሒሳቡን በዶላር ይሠራል፣ በየምንዛሬው ለውጥ ደመወዙ ይረክስለታል። ሠራተኛዋ በብር ነው የምትኖረው።

አገራችን ለግል ድርጅት የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ይህ ቦርድ ሥራውን ሲሠራ የሚያስፈልገው የዶላር ሒሳብ አይደለም። የኮምቦልቻን፣ የሐዋሳን፣ የደብረ ብርሃንን የገበያ ዋጋ ነው የሚያስፈልገው። ፋብሪካ ይሸሻል የሚል ፍራቻ አለ፣ አውቃለሁ፣ ፍራቻው ከንቱ አይደለም። ግን ርካሽ ጉልበት ብቻውን ፋብሪካ እንደማያቆይ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ገበያዋ ገብቶ ከመሸጥ ዕድል፣ ስታስወጣን አይተናል። ጉልበቱ ያኔም ርካሽ ነበር። እኔ የምፈልገው ኮምቦልቻ ርካሽ ሆና እንድትቀር አይደለም። የልጆቿ አንድ ሰዓት ብዙ የሚያመርት፣ ብዙ የሚከፈለው እንዲሆን ነው። ያኔ ምሳው ይወደዳል። ይወደድ! የአስተናጋጇ ደመወዝ ያለበት ውድነት ይሁን እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። የዓለም ባንክ የድህነት ወለል ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን 3 ዶላር ነው። ብዙ ሰው ይህን በባንክ ምንዛሬ ያባዛዋል። «3 ጊዜ 130፣ በቀን 390 ብር የሚያገኝ ድሃ ነው ተባለ» ይላል። አይደለም። ይህ 3 ዶላር የመግዛት አቅም ዶላር ነው፣ በ2021 ዋጋ የተሰላ። በብር ሲቀየር ከ390 ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ከወለሉ በላይ ነህ፣ ድሃ አይደለህም ተብሎ የሚቆጠረው ሰው፣ እናንተ ካሰባችሁት በጣም ባነሰ ብር የሚኖር ሰው ነው። ወለሉ ከምትገምቱት በታች ነው ያለው። እንደገና አስቡት።

ለተማሪዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻም የደሴም ግቢ ልጆች እዚህ አያችኋለሁ። እባካችሁ የራሳችንን ዋጋ እንሰብስብ። ሠላሳ ዕቃና አገልግሎት ምረጡ። ሰርገኛ ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ የአንድ ክፍል ኪራይ፣ የባጃጅ ጉዞ፣ የደም ግፊት መድኃኒት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ከተቻለ ባቲም መዝግቡት። ሚዛን ያዙ። ዳቦውን መዝኑ። መደቡን መዝኑ። የቀን ሠራተኛ ክፍያም ከጎኑ ጻፉ። አንድ ኪሎ ጤፍ ለመግዛት የስንት ሰዓት ሥራ ይፈጃል የሚለውን በየከተማው አውጡ። የደመወዝ ነገር ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ነገር ይኖረናል። ገበያ ገብቶ መመዝገብ የሚፈልግ ካለ፣ መጠይቁን አብሬ አዘጋጃለሁ፣ የመጀመሪያውን ቀንም አብሬ እዞራለሁ።

አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ። በተለይ ከፋብሪካ የመጣችሁ እህቶቼ፣ ከእናንተ ብጀምር ደስ ይለኛል።